ፎርማት ብቻውን አያድንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሰሞን ስለ ኮምፒውተር ቫይረስ ያወጣችሁትን ምክር አነበብኩት። «ጥሩ ጸረ ቫይረስ ይጫኑ» ይላል። አልቃወምም። ግን መገናኛ ላፕቶፕ ስጠግን የምውል ሰው ነኝና ምክሩ ግማሽ ነው ባይ ነኝ። እኔ ጠረጴዛ ላይ የሚመጡት ማሽኖች አብዛኞቹ ጸረ ቫይረስ አላቸው። ችግሩ ጸረ ቫይረሱ ዝም እንዲል መታዘዙ ነው።

ማን አዘዘው? ብዙ ጊዜ ዊንዶውሱን የጫነው ባለሙያ።

በቅርቡ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ላፕቶፗን ይዛ መጣች። «ወንድሜ፣ ማውሱ ብቻውን ይሄዳል። ቴሌግራሜም ያልላክሁትን ይልካል። በቃ ፎርማት አድርግልኝ» አለች። «እህቴ፣ ትንሽ ታገሺኝ፣ መጀመሪያ ልየው» አልኳት።

በዚያ ሰዓት የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ስከፍት «ኤስቪሲሆስት» የሚል ነገር እየሠራ ነው። ስሙ የዊንዶውስ የራሱ ነው፤ ተደጋግሞ ቢታይም አያስደነግጥም። ግን ትክክለኛው የሚቀመጠው «ሲስተም 32» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የሷ የሚነሳው ፕሮግራሞች የተጠቃሚውን መረጃ ከሚያስቀምጡበት ከ«አፕዳታ» ፎልደር ነው። በሰው ስም የገባ እንግዳ ማለት ነው። ቀጥዬ የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ የሆነውን ዊንዶውስ ዲፌንደርን ከፈትኩና «ኤክስክሉዥን» የሚለውን፣ ሳይፈትሽ የሚያልፋቸውን ነገሮች ዝርዝር አየሁ። ሙሉው ሲ ድራይቭ ተጽፎበታል። አረንጓዴው ምልክት እንደበራ ነው፤ «ምንም ችግር የለም» ይላል። እንዴት ይኑር፣ ሲ ድራይቭን እንዳይነካ ተነግሮታል! ሥራዎችን በቀጠሮ በሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለር ውስጥ ደግሞ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ያንን ፋይል የሚቀሰቅስ ትእዛዝ ተቀምጧል። ሰው ፋይሉን ዘግቶ ሲያበቃ በማግስቱ ተመልሶ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከየት መጣ? ዳውንሎድ ፎልደሩ ውስጥ ከቴሌግራም ቻናል የወረደ አክቲቬተር፣ ማለትም ዊንዶውስን ያለ ፈቃድ ሕጋዊ የሚያስመስል ፕሮግራም ነበር። በዚፕ ታሽጓል፣ መክፈቻው የይለፍ ቃልም አብሮት ተጽፏል። እንዲህ የሚቆለፈው ጸረ ቫይረስ ውስጡን እንዳያይ ነው። መመሪያው ሲጀምር «ጸረ ቫይረሱን አጥፉ» ይላል። ይህን ያነበበ ሰው እዚያው ማቆም ነበረበት። ግን ዊንዶውሱ አክቲቬት ይሆናል፣ ደንበኛውም ከፍሎ ይሄዳል። አብሮ የገባው ባክዶር፣ ማለትም ለሌላ ሰው በድብቅ የጓሮ በር የሚከፍት ፕሮግራም፣ ከውስጥ ሆኖ ወደ ላኪው ሰርቨር ይደውላል። የኢንተርኔት ግንኙነቱን የሚቆጣጠረው ፋየርዎል ከውጭ የሚመጣውን ነው አጥብቆ የሚጠይቀው፤ ከውስጥ የሚወጣውን ብዙም አይጠይቅም። መስመሩ ከተገናኘ በኋላ ያ ሰው የምትጽፉትን ይቀዳል፣ ስክሪናችሁን ያያል፣ ብሮውዘር ላይ ያስቀመጣችሁትን የይለፍ ቃል ይወስዳል።

ይህ የመንደር ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የደህንነት ተመራማሪዎች ዩክሬን ውስጥ በሐሰተኛ የዊንዶውስ አክቲቬተር በኩል ባክዶር ሲሰራጭ እንደነበር አጋልጠዋል። እኛም ዘንድ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች አዶቤ ፍላሽ የሚባለውን ፕሮግራም ማሻሻያ በሚመስል ፋይል ይሰለሉ እንደነበር ጽፏል። ሁለቱም ጋ ፋይሉን የጫነው ራሱ ተጠቃሚው ነው።

ፋይል የምንይዝበት ፍላሽ ዲስክም አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክታችሁት ስትመለሱ ፎልደሮቻችሁ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ከተገኙ፣ እውነተኞቹ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ሾርትከቱን ስትከፍቱት ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሳል። ስለዚህ አትንኩት። መጀመሪያ ፍላሹ ይፈተሽ፣ ከዚያ የተደበቀው ይወጣል።

ወደ ማጽዳቱ ልምጣ። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ይቋረጥ። ዋይፋይ ይጥፋ፣ ኬብልም ካለ ይነቀል። ቀጥሎ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃሎቻችሁን ቀይሩ፤ በዚያው ላፕቶፕ ግን እንዳይሆን። አዲሱን ቁልፍ ለሌባው በእጅ ማቀበል ይሆናል። ንጹሕ በሆነ ስልክ አድርጉት። ቴሌግራም ላይ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ ከስልካችሁ ሌላ የተገናኙትን መሣሪያዎች በሙሉ አስወጡ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ላፕቶፑ ጸድቶም ቴሌግራሙ ሌላ ሰው ጋ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ የኤክስክሉዥን ዝርዝሩን አጽድታችሁ የዲፌንደርን «ኦፍላይን ስካን» አስነሱ። ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያስነሳና ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት ይፈትሻል። ሩብ ሰዓት ገደማ ቢፈጅ ነው። ባክዶሩም ስላልተነሳ ለመደበቅ አይመቸውም። ኮምፒውተርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያገለግሉት «ኤኒዴስክ» ወይም «ቲምቪወር» እናንተ ሳትጭኗቸው ከተገኙም አውጧቸው።

እኔ ግን ባክዶር ባገኘሁበት ማሽን ላይ በስካን ብቻ አላምንም። ሌላ ምን እንደጫነበት አይታወቅማ። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ መጫን አለበት። እዚህ ላይ ነው ከሙያ ጓደኞቼ ጋር የማልስማማው። አንዳንዱ ሲን ብቻ ፎርማት ያደርግና ዲ ላይ ካለው «ሶፍትዌር» ከሚለው ፎልደር ያንኑ አክቲቬተር መልሶ ይጭናል። ደንበኛው በሳምንቱ ይመለሳል፣ እንደገና ይከፍላል። ሰነድና ፎቶ ብቻ ይቀመጥ፤ ማንኛውም ሴትአፕ (የፕሮግራም መጫኛ ፋይል) ይጣል። የዊንዶውሱ ፋይል በንጹሕ ማሽን ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ይውረድ፣ ዲስኩም ሙሉ በሙሉ ይጽዳ።

የሚያናድደኝ ደግሞ ይኼ ነው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የተሸጡ ላፕቶፖች በአብዛኛው ፈቃዳቸው ቦርዱ ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። የሒሳብ ሠራተኛዋ ላፕቶፕም ነበረው፤ «ሆም» ለሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት የሚሆን ነው። ጫኚው ግን «ፕሮ» የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጫነባትና ፈቃዱ አልገጥም አለ። ከዚያ ክራክ፣ ማለትም ፈቃድ መስበሪያ ፍለጋ ገባ። ሆሙን መልሼ ስጭነው ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ አክቲቬት ሆነ። የራሷ ሕጋዊ ፈቃድ እያለ ነው በሯን ለሌባ የከፈቱላት። ፈቃድ የሌለው ማሽን ቢሆን እንኳ ዊንዶውስ አክቲቬት ሳይሆን ይሠራል። ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት አድርግ» የሚል ጽሑፍ ይኖራል፣ የጀርባውን ምስል እንደልብ መቀየር አይቻልም። በቃ ይኼው ነው። ለኦፊስ ደግሞ ሊብሬኦፊስ አለ፤ ነጻ ነው፣ የዎርድ ፋይል ይከፍታል፣ አማርኛም ይጽፋል።

በሙያዬ ያላችሁ «ደንበኛ ይሸሻል» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዱ ይሸሻል፣ እውነት ነው። ጽሑፉ ጥግ ላይ ሲያይ «አልጨረስከውም» የሚለኝ አለ። አስረዳዋለሁ፣ ካልተስማማ ሌላ ጋ ይሂድ።

ለደንበኞች የምለው፣ ላፕቶፕ ስትረከቡ የዲፌንደርን የኤክስክሉዥን ዝርዝር ባለሙያው ፊታችሁ ከፍቶ ያሳያችሁ። ባዶ ካልሆነ ምክንያቱን ይንገራችሁ። መሥሪያ ቤቶችም የጥገና ጨረታ ስታወጡ በዋጋው ብቻ አትወስኑ። ሰነዱ ላይ «ዊንዶውስ የሚጫነው በማሽኑ በራሱ ፈቃድ ነው፤ ክራክና አክቲቬተር አይፈቀድም» የሚል መስመር ጨምሩ፣ ርክክቡም ይህ ሳይታይ አይፈረም።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ፣ መገናኛ፣ አዲስ አበባ