ፈቃዱ የኔ፣ ሥራው የማን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው አንድ አንባቢያችሁ «ቤቴን የሠራው ኮንትራክተር ጠፋብኝ» ብለው የላኩትን ደብዳቤ አነበብኩ። ስልኩ አይነሳም፣ ቢሮው ተዘግቷል፣ ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ያፈሳል። ሰውየውን አላውቃቸውም። ግን ሙያው የኔም ስለሆነ አንድ ነገር ልንገራቸው። ኮንትራክተሩ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል። መጀመሪያውኑ አልነበረም ይሆናል።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ በጠቅላላ ሥራ ተቋራጭነት ፈቃድ አለኝ። ለማያውቅ ሰው፣ ደረጃው ከ1 እስከ 10 ነው፤ 1 ትልቁ፣ 10 ትንሹ፣ እኔ ወደ ትንሾቹ ነኝ። ፈቃድ ለማውጣትም ለማሳደስም የምትጠየቀው ወረቀት ነው። የኢንጂነር ዲግሪ፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የማሽን ሊብሬ፣ የግብር ማስረጃ። ጨዋታው ያለው እዚህ ጋ ነው። የሌለህን ማሽን ሊብሬውን ብቻ ለጥቂት ቀን ትከራያለህ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ድሬን በፎቶ የሚያውቅ ኢንጂነር በወር ትንሽ ብር ይላክለትና ሠራተኛህ ይባላል። ፋይሉ ሞላ፣ ማህተም ተመታ፣ አለቀ። የባሰው ደግሞ ፈቃዱን ራሱን ማከራየት ነው። ደላላ ይመጣና «ሥራው በስምህ ይሁን፣ አንተ አትልፋ፣ ፐርሰንትህን ውሰድ» ይልሃል። ውሉ ላይ የምትፈርመው አንተ፣ ሳይት የሚውለው ሌላ ሰው። ያ ሰው ከኔ የተሻለ ግንበኛ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ሞባይል ሲሸጥ የነበረም ሊሆን ይችላል።

ነገሩ የገባኝ ግን እዚህ አይደለም፣ ባህር ዳር ነው። ጣናን ማለቴ አይደለም፣ ጨው ያለውን። ሥራ የቀዘቀዘብኝ ጊዜ ታጁራ ሄጄ ነበር፣ ጅቡቲ። ከድሬ እስከ ነጋድ፣ የጅቡቲው ባቡር ጣቢያ፣ በባቡር፣ ከዚያ ከጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ። የኔ ፈቃድ ድንበር ስለማይሻገር የሠራሁት በአንድ የአገሩ ኮንትራክተር ሥር በፎርማንነት ነው። ትንሽ ከተማ ናት፤ ነጫጭ ቤቶች፣ መስጊዶች፣ ባህር። የጎደለህ ነገር ካለ ከከተማ እስኪመጣ እጅህን አጣጥፈህ ትቀመጣለህ።

መጀመሪያ የተሰጠን ሥራ የተበላ በረንዳ ማፍረስ ነበር። በመዶሻ ገና ነካ ስታደርገው ኮንክሪቱ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ይላቀቃል። ውስጥ ያለው ባለ 12 ሚሊ ፌሮ ብረት ቀጥኖ እርሳስ አክሏል፣ አንዳንድ ቦታማ ጭራሽ የለም፣ ቡናማ ዱቄት ብቻ። ብረት ሲዝግ ያብጣል። ዝገቱ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ሲያጣ ኮንክሪቱን ከውስጥ ፈንቅሎ ይጥለዋል፣ ጨው ደግሞ ይሄን ሁሉ ያፋጥነዋል። ያኔ ቤቱን የሠሩት ሰዎች አሸዋውን ከባህሩ ዳር ዝቀው ሳያጥቡ ነው ያቦኩት፤ ፌሮውንም ከቅርጹ የሚያርቀውን ማስደገፊያ (ስፔሰር) ሳያደርጉለት ፎርምወርኩ፣ ማለት ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ፣ ላይ አስተኝተው ነው የሞሉት።

አብረውን የሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ ፌራዮ (ፌሮ ሠራተኛ) ነበሩ፣ ድሬ ተወልደው ጅቡቲ ያረጁ። ሚክሰር ውስጥ ውሃ ከመግባቱ በፊት ጣታቸውን ነክረው ይቀምሱታል። ጨው ጨው ካለ ይደፋል፣ ክርክር የለም። «ጋሼ፣ ይሄን ያህል?» ስላቸው «አቦ አንተ ልጅ፣ እዚህ ኢንስፔክተሩ ባህሩ ነው» አሉኝ። አዲሱን በረንዳ ፌሮውን 5 ሴንቲ ወደ ውስጥ አስገብተን፣ ሙቀቱን ሸሽተን በሌሊት ሞላነው፣ ከዚያ ጆንያ አልብሰን ከሳምንት በላይ ጨው በሌለው ውሃ ስናርሰው ከረምን። ውሃው በቦቴ ነው የሚመጣው፣ ዋጋውን ተዉት።

ድሬ ደረቅ ናት። ያንኑ ስህተት እዚህ ብትሠራው ልስን ይሸፍነዋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ስንትና ስንት ዓመት ማንም አያውቅብህም። ሻወር ቤት ሥር ወይም ታንከሩ የተቀመጠበት ጋ ነው ቀድሞ የሚፈነዳው። ያኔ ፈቃድ አከራዩም የለም፣ ተከራዩም የለም።

ሕጉ ግን አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሥራው ደህና አሠራርና ለሕንፃው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ይሄን እኔ ራሴ ያነበብኩት ከታጁራ ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ደብዳቤውን ለጻፉት አንባቢ፦ ውልዎን ያውጡና የፈረመው ማን እንደሆነ ይዩ። ሳይት ሲመላለስ የነበረውን ሰው መፈለግ ይተዉ፣ የፈረመውን ይያዙ።

ፈቃድ ሰጪዎቹን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሊብሬ ከመቁጠር ሶሌታ የሚሞላበት ቀን ሳይት ኑ። ፋይሉ ላይ ያለው ኢንጂነር መታወቂያውን ይዞ ይገኝ። ካልተገኘ ሙሌቱ ይቁም። ኮንትራክተሩ ይጮሃል፣ ሚክሰር ቆሞ፣ ሠላሳ የቀን ሠራተኛ ቆሞ፣ ሲሚንቶ ተቀዶ። ይጩህ። ድሬ እንደሆነች ከሳቢያን ገንደ ቆሬ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው?

አንተ ማን ሆነህ ነው ለሚለኝ፣ ከአራት ዓመት በፊት እኔም አከራይቻለሁ። የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ተደራርቦብኝ ነበር፣ ምክንያት ግን አይሆንም። ጂ ፕላስ ሁለት ናት። ታፔላው ላይ ስሜ ነበር፣ ሶሌታዋ ሲሞላ አንድ ቀን አልተገኘሁም። አሁን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ባጃጁን አስቆምና የበረንዳዋን ሆድ ቀና ብዬ አያለሁ፣ ቡናማ መስመር ወጥቶ እንደሆነ። እስካሁን የለም። ስድስት ዓመት ይቀራታል።

ስሜን እንዳታወጡብኝ አደራ።
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ