ማስታወቂያችሁ ከጠዋቱ ሬዲዮ ለምን ጠፋ?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰሞኑን የማስታወቂያ ድርጅታችን ስልክ በአንድ ጥያቄ ተጨናንቋል። «ማስታወቂያዬን ሬዲዮ ላይ አጣሁት!» ልክ ናችሁ። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይተላለፍ የነበረው ስፖታችሁ በዚያ ሰዓት የለም።

የሆነው ይሄ ነው። ጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ቀየረ። አዲሱ ሰውዬ የአየር ሰዓት ኪራይ ጨመሩ። የጠዋቱ አዘጋጆች አንችልም ብለው ወጡ። ቦታው በሙዚቃ ተሞላ።

ብዙዎቻችሁ «ጣቢያው ላይ ማስታወቂያ ገዛሁ» ብላችሁ ነው የምታስቡት። አዲስ አበባ ላይ ግን ነገሩ ይለያል። ብዙዎቹ ኤፍኤሞች ሰዓታቸውን ሸንሽነው ለተባባሪ አዘጋጆች ያከራያሉ። አዘጋጁ ኪራዩን ይከፍላል፤ ስፖንሰሩንም ራሱ ያፈላልጋል። አሜሪካ አንዱ ጣቢያ ቀኑን ሙሉ የካንትሪ ዘፈን ሲያጫውት፣ ሌላው ቀኑን ሙሉ ወሬ ነው። እኛ ጋ በአንዱ ሞገድ ላይ ጠዋት ወሬ፣ ቀትር ላይ የጤና ምክር፣ ማታ ኳስ ትሰማላችሁ። እንደ ተከራዩ ነው።

ለሥራ አስኪያጅ ኪራይ የማይነጥፍ ላም ነው፤ ማስታወቂያ ተሸጠም አልተሸጠም ገንዘቡ ይገባል። ችግሩ አዘጋጁ ላይ ነው። በ2011 አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮ ሲያስወጣ፣ ቢራ ስፖንሰር ያደረጋቸው የኳስና የመዝናኛ ፕሮግራሞች ተንገዳገዱ። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ አዘጋጅ ኪራዩን ለመሙላት አሥር ማስታወቂያ ባንዴ ይደረድራል። ዘጠነኛው የናንተ ከሆነ ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ኪራይ ሲጨመር አዘጋጆቹ ቢወጡ አይፈረድባቸውም።

ሙዚቃውስ? ወጪው ትንሽ ነው፤ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ልጅ ይበቃዋል። እኛ ግን ውሳኔው አልተዋጠልንም። ባለፈው ማክሰኞ ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ሹፌሩ ሁለት ዘፈን ታገሰ። ሦስተኛው ሲጀምር «እነዚያ ልጆች የት ገቡ?» አለ። ረዳቱ የሌላ ጣቢያ ቁጥር ጠራለት። ዞር አደረገው፣ ድምፃቸው መጣ፣ ሹፌሩ ሳቀ። አሥራ ሁለት ተሳፋሪ አብሮት ጣቢያ ቀየረ። የናንተ ስፖት ግን እዚያው የድሮው ጣቢያ ላይ ቀርቷል። ዘፈንማ ሁሉም ስልክ ላይ አለ።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት። ውሉ ላይ የጣቢያውን ስም ጻፍን እንጂ የፕሮግራሙንና የሰዓቱን አልጻፍንም። ጣቢያው «አስተላልፈናል» ይላል፤ አልዋሸም። ቀድተን ስናዳምጥ የአንዳንዶቻችሁ ማስታወቂያ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ተገኘ። የዳቦ ቤት ማስታወቂያ በዚያ ሰዓት ለማን ነው?

ስለዚህ ያለሰዓቱ የተላለፈውን ሁሉ ቆጥረን፣ የኛን ኮሚሽን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። የጣቢያውን ድርሻ በተመለከተ እየተነጋገርን ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ ቃል አንገባም። ከእንግዲህ ውላችን የፕሮግራሙን ስምና ሰዓቱን ይጠቅሳል፤ በዓመት ፋንታ ለ3 ወር ብቻ ይሆናል። አዘጋጁ ጣቢያ ከቀየረ ወይ ማስታወቂያው ይከተለዋል፣ ወይ ገንዘባችሁ ይመለሳል።

አዘጋጆቹን መከተል ለምትፈልጉ፣ የአዲሱ ጣቢያ የደቂቃ ዋጋ ይወደዳል። በያዛችሁት በጀት በቀን አራት ጊዜ የነበረው ወደ ሁለት ይወርዳል። እኛን ከጠየቃችሁ፣ ጠዋት ሁለቱ ይሻላሉ። የቤት ዕቃ የምትሸጡ ግን አትቸኩሉ፤ ለናንተ የቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ያዋጣል፣ እሱ ደግሞ አልተነካም።

የሚቀጥለው ሳምንት ዝርዝር ዓርብ በ10 ሰዓት ይዘጋል። እስከዚያ ደውሉልን፤ ካልደወላችሁ ማስታወቂያችሁን አቁመን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
የማስታወቂያ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ