«አያቴን ሳልጠይቅ አይሆንም»፦ የፎቶና የፊልም ክበብ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ በ14 ልጆች ጀምሮ በ11 ጨረሰ። ሦስቱ የቅዳሜ እግር ኳስ ወሰዳቸው። ስብሰባው፣ የብርሃን ትምህርቱ፣ በካሜራ ወረፋ መጠበቁ እንደ አምናው ነበር።

አንዳንድ ወላጆች «አማርኛ ይማሩ ብለን ብንልክ ፎቶ ሲያነሱ ይውላሉ» ብላችኋል። ሰምቻለሁ። እዚህ ግን ከሥሩ አማርኛ ያልተጻፈበት ፎቶ ግድግዳ ላይ አይወጣም። በመስከረም ከስማቸው ሌላ የማይጽፉ ልጆች በግንቦት ሙሉ አንቀጽ ጽፈዋል። መጥታችሁ እዩት።

የዓመቱ መነጋገሪያችን በፈረንጆቹ 1998 የወጣው የጆን ዋተርስ ኮሜዲ «ፔከር» ነበር። ለአዋቂዎች የተሠራ ስለሆነ ፊልሙን አላሳየኋቸውም፤ ታሪኩን ነገርኳቸው። ዋናው ልጅ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ሳንድዊች ቤት ይሠራል። ትንሽ ሳለ ምግቡን እንደ ዶሮ ይለቅም ስለነበር ነው ፔከር የተባለው፤ በእንግሊዝኛ «ፔክ» መልቀም ነው። ቤተሰቡንና የሰፈሩን ሰው ፎቶ ያነሳል። አንዲት የኒው ዮርክ ጋለሪ ባለቤት ሥራውን ታይና በአንድ ጊዜ ዝነኛ ይሆናል። ጣጣው ከዚያ ይጀምራል። ሱቅ የሚሰርቀው ጓደኛው ፊቱ ስለታወቀ መስረቅ ያቅተዋል። እዚህ ላይ ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። የፔከር አያት ደግሞ «ታናግረኛለች» የምትላት የማርያም ሐውልት አላት። ነገሩ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጥቶ የሰው መሳቂያ ትሆናለች። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

በግንቦት ፊልሙ የተቀረጸበትን ሃምፕደንን ልናይ ባልቲሞር ሄድን። ድሮ የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፦ ሳይጠይቁ ማንሳት የለም። አንዱ ዓይን አፋር ልጃችን 36ኛ መንገድ ላይ ሦስት ሰው ጠይቆ ሦስቱም እምቢ አሉት። አራተኛው፣ ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ ኮሌታቸውን አስተካክለው «እሺ» አሉት። ልጁ መኪና ውስጥ እስክንገባ ፈገግታው አልጠፋም።

ከሁሉ ያልወጣልኝ ግን የሰኔው ኤግዚቢሽን ነው። የ14 ዓመቷ ተማሪያችን አያቷን ሶፋ ላይ እንቅልፍ ጥሏቸው አንስታቸዋለች። ነጠላቸው ከራሳቸው ወርዷል፤ ዳዊታቸው ጉልበታቸው ላይ ተከፍቷል። የዓመቱ ምርጥ ፎቶ ነበር። ሁላችንም «ይሰቀል» አልን፤ እኔም ጭምር። እሷ ግን «አያቴን ሳልጠይቅ አይሆንም» አለች። ጠየቀች። አያት «ራሴ ሳይሸፈን!» ብለው ከለከሉ።

በዕለቱ ባዶ ፍሬም ሰቀለች። ከሥሩ በእጇ ጽፋለች፦ «እዚህ የአያቴ ፎቶ ነበር። አልፈቀደችልኝም። በጣም ቆንጆ ነበረች።»

አያት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ከዚያ የልጅቷን ግንባር ሳሙ።

ያሉን ሦስት ያገለገሉ ካሜራዎች ነበሩ። አንዱ በመጋቢት ተበላሽቶ አልተጠገነም። ባልቲሞር የሄድነው በሁለት ወላጆች መኪናና በራሳቸው ቤንዚን ነው፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ለበዓል ድግስ በአንድ ሳምንት የምናዋጣ ሰዎች ለ11 ልጆች ሁለት ካሜራ መጨመር አያቅተንም። ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ ካለ ቅዳሜ ይዛችሁልን ኑ።

አንዱ ደግሞ ቶሎ ያስፈልገናል። አያት ባለፈው ቅዳሜ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው መጥተው ነበር። «አሁን አንሺኝ» አሉ። ሁለቱም ካሜራዎች ሌሎች ልጆች እጅ ነበሩ። «እጠብቃለሁ» ብለው ተቀመጡ።