የሞተ የመሰለኝ አመድ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? ጠፋሁ አይደል? ነገ እጽፍላታለሁ ስል ዓመት አለፈ። ከዚያ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝና ጭራሽ ተውኩት። ወጥ ቤትሽ ውስጥ የማገዶ ምድጃ ማስገባትሽን ስሰማ ግን እፍረቱ ይቅርብኝ አልኩ።

ስለ አመዱ ልንገርሽ። እሳቱ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። አመዱን ከላይ በጣቴ ብነካው ቀዝቃዛ። በላስቲክ ባልዲ ዛቅሁትና በረንዳው ላይ፣ የእንጨት ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ሌሊት የላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ስወጣ ባልዲው ቀልጦ እንደ ሊጥ ተዘርግቷል። ከሥሩ ያለው ሳንቃ ጠቁሯል፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር እየሄደ ነው። ነበልባል የሚባል የለም፤ ዝም ብሎ ይበላል። ለካ ፍም አመድ ውስጥ ከተዳፈነ ለቀናት ይቆያል! አሁን ክዳን ያለው የብረት ባልዲ አለኝ። ቦታውም ከቤት ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ነው።

እንጨትሽስ ደርቋል? ሁለት ፍልጥ አጋጪና ስሚ። ቋ ካለ ደርቋል፣ ድም ካለ ገና ነው። ከተፈለጠ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይፈልጋል፤ ጠንካራው እንጨት ዓመትም ያልፈዋል። እርጥቡን ካነደድሽ ጭሱ ቀዝቅዞ ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ሬንጅ ይጋገራል። አንድ ቀን ያ ሬንጅ ራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በዓመት ቢያንስ አንዴ አስጠርጊው። ከጭስ ማውጫው እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ከሰማሽ የምድጃውን በርና የአየር ማስገቢያውን ዝጊ፣ ቤት ያለውን ሰው ሁሉ ይዘሽ ውጪ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጥሪ። ውሃ እንዳትደፊበት፤ እንፋሎቱ ያቃጥልሻል፣ የጋለው ብረትም ይሰነጠቃል።

ቀለም የተቀባ እንጨትና ላስቲክ አይገባበትም፤ ይሄን ታውቂዋለሽ። በጋዝ ማቀጣጠል ደግሞ አይታሰብም።

የምፈራልሽ ግን የማይታየውን ነው። እሳቱ እስከ ንጋት እንዲቆይልሽ ብለሽ አየሩን ጥርቅም አታድርጊው። እኔ አድርጌው ራሴን እያመመኝ፣ እያጥወለወለኝ ነቃሁ። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ውጭ ወጥቼ ትንሽ ስቆይ ሲለቀኝ ነው የባነንኩት። አየር ያጠረው እሳት የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፤ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል። ማንቂያ መሣሪያ አለው፣ ምድጃውን ሳትለኩሺ በፊት ግዢው። እኔ ያንን ጠዋት ካየሁ በኋላ ነው የገዛሁት።

ፎጣውንም ከምድጃው ላይ አታስጪ፤ የሚቃጠል ነገር ሁሉ አንድ ሜትር ይራቅ። በሩን ስትከፍቺ ቀስ ብለሽ፣ መጀመሪያ ገርበብ፤ አለዚያ ጭሱና ነበልባሉ ፊትሽ ላይ ይመጣል። ለዚሁ የሚሆን ረጅም የቆዳ ጓንት ልልክልሽ ነው። የእጅሽን ልክ ረስቼዋለሁ፤ ቶሎ ጻፊልኝ።

ያንቺው