አባባ፣ ያለሁት አየርላንድ ነው

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ወደ ደሴ ለሚመጣ ሰው ሰጥቼ ነው የላክሁልዎ። ዓይንዎን እንዳያደክምዎ ፊደሉን አተልቄዋለሁ። ከከበደዎ ግን እማዬ ታንብብልዎ።

ባለፈው እሁድ ስደውል ቤት እንግዳ ነበረ። ስልኩን እንደያዙ «ልጄ ናት፣ እንግሊዝ አገር ያለችው» ሲሏቸው ሰማሁ። ሰው ፊት አባቴን ማረም ነውር መስሎኝ ዝም አልኩ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባባ፣ እኔ ያለሁት አየርላንድ ነው። እዚህ አገር ይህን ማሳሳት ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ታሪክ ያስተማሩ ሰው ነዎት። ምክንያቱን ብጽፍልዎ ከማንም በላይ ይገባዎታል። ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኳቸው።

እኔም ስመጣ አላውቅም ነበር። በምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ በመጀመሪያው ሳምንት ለአንዲት የ88 ዓመት እናት ሻይ አቀረብኩላቸው። ጨዋታ ለመጀመር ብዬ «እናንተ እንግሊዞች ሻይ ትወዳላችሁ» አልኳቸው። ኩባያውን አስቀመጡ። አልተቆጡም። ግን ያኔ ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ አይረሳኝም። «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። ይኸው 3 ዓመት ሆነ፣ ፋታ ባገኘሁ ቁጥር አጠገባቸው እቀመጣለሁ። በልቤ እማማ ነው የምላቸው። የምጽፍልዎ ነገር ግማሹ ካነበብኩት፣ ግማሹ ከእማማ አፍ ነው።

እኛ እንግሊዝን የምናውቃት በ1868 በመቅደላ ነው። ደግሞ በ1941፣ ጣልያንን ለማስወጣት አብረውን ሲዘምቱ። ክፉም ደግም ሠርተው ሄዱ። እዚህ ግን መጥተው ቀሩ።

የመጀመሪያዎቹ ፈረሰኞች ባሕሩን የተሻገሩት በ1169 ነው። ለብዙ ዘመን ደሴቱን በሙሉ አልገዙም። ነገሩ የከረረው ሄንሪ 8ኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቶ በ1541 የአየርላንድ ንጉሥ ከተባለ በኋላ ነው። እንግሊዝ ፕሮቴስታንት ሆነች። አይሪሾቹ ካቶሊክ እንደሆኑ ቀሩ። ከ1609 ጀምሮ በሰሜን፣ አልስተር በሚባለው ክፍል፣ መሬቱ ከአገሬው እየተነጠቀ ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ሰፋሪዎች ታደለ። ርስትና ጭሰኝነት ምን ማለት እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። ባለርስቱ በገዛ አያቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነ። ቆይቶም ካቶሊክ መሬት እንዳይገዛ፣ ፓርላማ እንዳይገባ የሚከለክል ሕግ ወጣበት። በ1801 ደግሞ የደብሊን ፓርላማ ተዘግቶ አገሩ በቀጥታ ከለንደን መገዛት ጀመረ።

አባባ፣ እኔን አንጀቴን የበላኝ ግን ረሃቡ ነው።

ጭሰኛው በቀረችው ቁራሽ መሬት ላይ ቤተሰብ ሊመግብለት የሚችለው ድንች ብቻ ነበር። በ1845 ድንቹን ዋግ መታው። ማታ ለምለም የነበረ ማሳ ጠዋት ጠቁሮ ይገኝ ነበር። መከራው እስከ 1852 ዘለቀ። 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ። ከ1 ሚሊዮን በላይ ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። ይህ ሁሉ የሆነው በዘመኑ ከዓለም አንደኛ ሀብታም በነበረ መንግሥት ሥር ነው። ሰው በየመንገዱ እየወደቀ እህልና ከብት ወደ እንግሊዝ መጫኑ አልቆመም። እርዳታውን የሚመራው የግምጃ ቤት ሹም ቻርለስ ትሬቬልያን መንግሥት በገበያ ጣልቃ አይግባ የሚል ሰው ነበር። ረሃቡንም የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ጻፈው። በ1847 የወጣው ሕግ ደግሞ ከሩብ ኤከር በላይ መሬት የያዘ ሰው መሬቱን ካልለቀቀ እርዳታ አያገኝም አለ። ወይ መሬትህን ወይ ነፍስህን ማለት ነው።

በ1841 የደሴቱ ሕዝብ ከ8 ሚሊዮን በላይ ነበር። ዛሬ ሰሜኑም ደቡቡም ተደምሮ 7 ሚሊዮን ገደማ ነው። እስከ ዛሬ አልሞላም አባባ።

እርስዎ በእኛ አቆጣጠር በ66ም በ77ም ወሎ ላይ ያዩትን አንድ ቀን ለእማማ ነገርኳቸው። መንገድ ዳር ተኝተው የቀሩትን ተማሪዎችዎን። እጄን ያዙና ብዙ ዝም አሉ። ያን ጊዜ በጾም ወራት በየቤቱ ሳንቲም የሚጠራቀምባት የካርቶን ሳጥን ነበረች አሉኝ። ልጆቻቸው የከረሜላ ሳንቲማቸውን ለእኛ አገር ሕፃናት ይጨምሩባት ነበር። አያታቸው በልጅነታቸው ረሃቡን ካዩ ሰዎች የሰሙትን ይነግሯቸው ስለነበር፣ የወሎን ሕፃናት በቴሌቪዥን ሲያዩ የሩቅ አገር ሰው አልመሰሏቸውም። ለአገራችን ረሃብተኞች ገንዘብ የተሰበሰበበትን ያንን የ1985 ትልቅ ኮንሰርት ካዘጋጁት አንዱ ቦብ ጌልዶፍ የደብሊን ልጅ ነው። እኛ እሱንም ከእንግሊዝ ቆጥረነው ኖርን።

ቀጥሎ 1916 ይመጣል። በፋሲካ ማግስት ሰኞ ጥቂት ታጣቂዎች የደብሊንን ዋና ፖስታ ቤት ይዘው ሪፐብሊክ አወጁ። በሳምንቱ እጃቸውን ሰጡ። ከተማቸው በመድፍ ስለፈረሰ ብዙው የደብሊን ሰው ተናዶባቸው ነበር። እንግሊዞች ቢያስሯቸው ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። ግን በግንቦት ወር በቀን ሁለትም ሦስትም እያሉ መረሸን ጀመሩ። ጄምስ ኮኖሊ ቆስሎ መቆም ስላልቻለ ወንበር ላይ ታስሮ ነው የተተኮሰበት። የተረሸኑበትን የኪልሜይናም እስር ቤት ግቢ ሄጄ አይቼዋለሁ። ትንሽ ነው፣ ጠጠር የፈሰሰበት። በአንድ ወር ውስጥ የሕዝቡ ልብ ተገለበጠ።

ከ1919 እስከ 1921 ተዋጉ። በታኅሣሥ 1921 ውል ተፈረመ። ደቡቡ የራሱን መንግሥት አገኘ፣ ግን ለእንግሊዝ ንጉሥ ቃል መግባት ነበረበት። ከ32ቱ አውራጃዎች በሰሜን ያሉት 6ቱ ደግሞ ከብሪታንያ ጋር፣ ማለትም እንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ አንድ ከሆኑበት መንግሥት ጋር ቀሩ። የደብሊኑ ምክር ቤት ውሉን 64 ለ57 አጸደቀው። አብረው የተዋጉ ጓዶች በዚያች ልዩነት እርስ በርስ ተገዳደሉ። ውሉን የፈረመው ማይክል ኮሊንስ በ1922 በገዛ ወገኖቹ ጥይት ሞተ። የእማማ አባት ከውሉ ወገን፣ አጎታቸው ከተቃዋሚው ነበሩ። ሁለቱ ወንድማማቾች እስኪሞቱ አልተነጋገሩም። በቤተ ክርስቲያን እንኳ ጎን ለጎን አልተቀመጡም።

አንድ ነገር ደግሞ እኛን ይነካል። ውሉን ከተቃወሙት መካከል ኤመን ደ ቫሌራ ነበር። በኋላ የአገሩ መሪ ሆነ። በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲዘጋጅ ጄኔቫ ቆሞ የመንግሥታቱ ማኅበር ቃሉን እንዲጠብቅ ተሟገተ። አገሩም በጣልያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ደገፈች። ካቶሊክ አገር ሆና፣ ከሮም ጋር መጋጨቱ ቀላል አልነበረም። ይህን ሳነብ መጀመሪያ የታሰቡኝ እርስዎ ነዎት።

እማማ የድንበር ሰው ናቸው፣ የሞናሃን። የቤተሰባቸው መቃብር ድንበሩን ተሻግሮ ነው ያለው። ቀጥዬ የምጽፍልዎ የሰሜኑ ግጭት በተጋጋለበት ዘመን የእንግሊዝ ጦር ታጣቂ እንዳያልፍ ብሎ ትንንሾቹን መንገዶች በፈንጂ ይቆፍራቸው ነበር። የሰፈሩ ሰው በትራክተርና በአካፋ ይደፍናል። ወታደሩ መልሶ ይቆፍራል። እናታቸውን የቀበሩ ቀን ሬሳውን በሰው ሸክም ጉድጓዱን አሻግረው፣ ማዶ የቆመ ሌላ መኪና ላይ ነው የጫኑት። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው አይሰበርም። እኔ ነኝ የማለቅሰው።

በሰሜኑ ያኔ ፕሮቴስታንቱ ይበዛ ነበር፣ መንግሥቱም የእሱ ነበር። ካቶሊኩ በሥራ፣ በቤት፣ በድምፅ ይበደል ነበር። በ1968 የመብት ሰልፍ ወጡ፣ ፖሊስ ደበደባቸው። በጥር 30 ቀን 1972 ዴሪ ላይ ወታደሮች በሰልፈኛ ላይ ተኩሰው 13 ሰው ገደሉ፣ አንድ ቁስለኛም በኋላ ሞተ። የመጀመሪያው አጣሪ ለወታደሮቹ አደላ። ቤተሰቦቹ 38 ዓመት ጠበቁ። በ2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ፓርላማ ቆሞ ግድያው ምንም ማሳበቢያ እንደሌለው ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ።

በአንድ ወገን ብቻ ጽፌልዎ ቢሆን እርስዎ ራስዎ ይታዘቡኝ ነበር። ሰሜኑን ከብሪታንያ ለመለየት ይዋጋ የነበረው አይአርኤ የሚባለው ታጣቂ ቡድንም የንጹሐን ደም አለበት። በ1974 በበርሚንግሃም ሁለት መጠጥ ቤቶች ውስጥ በፈነዱ ቦምቦች 21 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። በዚያ ንዴት 6 አይሪሾች ታሰሩ። ያላደረጉት ነገር ነው፣ ግን 16 ዓመት እስር ቤት ተቀመጡ። የፕሮቴስታንት ታጣቂዎችም ካቶሊክ በመሆኑ ብቻ ሰው ይገድሉ ነበር። በጠቅላላው ከ3,500 በላይ ሰው አልቋል።

አምና በአውቶቡስ ቤልፋስት ሄጄ ነበር። ድንበሩን ሳላየው አለፍኩት። ኬላ የለም፣ ፓስፖርት የሚጠይቅ የለም። ማለፌን ያወቅኩት የመንገዱ ምልክት ከኪሎ ሜትር ወደ ማይል ሲቀየር ነው። ከተማው ውስጥ ግን የካቶሊኩንና የፕሮቴስታንቱን ሰፈር የሚለዩ ረጃጅም ግንቦች ዛሬም ቆመዋል። አንዳንዱ በር ማታ ይዘጋል። እዚያ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ የአያቱን ፎቶ ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። በዚያው በ1916፣ በሐምሌ 1፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ላይ የአልስተር ክፍለ ጦር ለብሪታንያ ሲዘምት አያቱ ነበረበት። በሁለት ቀን ከ5,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፣ ጠፋ። «እኔ እንግሊዛዊ ሳልሆን ብሪታንያዊ ነኝ» አለኝ። አይሪሽ ቢሉት እሱም እንደ እማማ ቅር ይለዋል። ያው 1916፣ ለእማማ ፖስታ ቤቱ ነው፣ ለእሱ ሶም ነው።

የታረቁበትን መንገድ የወደድኩት ለዚህ ነው። በሚያዝያ 10 ቀን 1998፣ በስቅለት ዓርብ ስምምነት ሲፈርሙ፣ አሜሪካዊው ጆርጅ ሚቸል ሽማግሌ ሆኖ ነበር። የሰሜን ተወላጅ አይሪሽ ነኝ ቢል፣ ብሪታንያዊ ነኝ ቢል፣ ሁለቱንም ነኝ ቢል መብቱ ነው ብለው ጻፉት። አየርላንድ ሰሜኑ የእኔ ነው የሚለውን ከሕገ መንግሥቷ አነሳች። ብሪታንያም የሰሜኑ ብዙኃን አንድ ቀን ከደቡቡ ጋር እንሁን ካሉ አልከለክልም አለች። ሕዝቡ ተጠየቀ፣ በሰሜን 71 በመቶ፣ በደቡብ 94 በመቶ ይሁን አለ። ሁሉም ነገር ወዲያው አልረጋም። በዚያው ዓመት ነሐሴ ኦማ በምትባል የሰሜን ከተማ በፈነዳ ቦምብ 29 ሰው ሞቷል። ስምምነቱ ግን አልፈረሰም።

በ2011 ንግሥት ኤልሳቤጥ ደብሊን መጡ። አየርላንድ ነጻ ከወጣች ወዲህ የመጀመሪያው የእንግሊዝ ነጋሢ ናቸው። የባላቸው አጎት ማውንትባተን በ1979 በአይአርኤ ቦምብ የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ለአየርላንድ ነጻነት ለሞቱት መታሰቢያ አበባ አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ። ማታ ግብዣው ላይ ንግግራቸውን በአይሪሽ ቋንቋ ጀመሩ። እማማ ያን ቀን ቴሌቪዥን አላይም ብለው ኩሽና ተቀምጠው ነበር። የገዛ ቋንቋቸውን ከንግሥቲቱ አፍ ሲሰሙ ተነስተው መጡ። «ይቅርታ አላለችም፣ ግን በስማችን ጠራችን» አሉኝ።

ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ስትወጣ ደግሞ የድንበሩ ነገር ተመልሶ አወዛግቧቸዋል። እሱን ስንገናኝ አጫውትዎታለሁ።

የእሁዱ እንግዳ ተመልሰው ሲመጡ «ልጄ አየርላንድ ናት» ይበሉልኝ። ልዩነቱ ምንድነው ካሉዎት እርስዎ ያስረዷቸው፣ ከእኔ ይሻላሉ። እማማ ስለ መቅደላ ጠይቀውኝ በደንብ መመለስ አቅቶኛል። ስደውል እርስዎ ይንገሩኝ፣ ወረቀት ይዤ እጠብቃለሁ። መድኃኒትዎን አያቋርጡ። ጉልበትዎን ሳምኩ።

ልጅዎ