«ይማር፣ ግን ይጠይቅ»፦ ስለ ኤአይና ስለ ሥራዎቻችን የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

የተከበራችሁ የባለሥልጣኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ባለፈው የገና ሰሞን ከመካከላችን አንዷ አጭር ታሪክ ጽፋ ቴሌግራም ላይ ለቀቀች። መክፈቻው እንዲህ ይላል፦ «ገና ነው። እናቷ ግን ቄጤማ አልጎዘጎዘችም።» ሳምንት ሳይሞላው ታሪኩ ዩቲዩብ ላይ ትረካ ሆኖ ተገኘ። የእሷ ስም የለም። ተራኪውም ሰው አይደለም፣ የኮምፒውተር ድምፅ ነው። ድምፁ ደግሞ «ገና»ን አላልቶ አነበበው። በዓሉ ጠፋ። «ገና ነው፣ ምን ያስቸኩላል» እንደምንለው ሆነና፣ ሴትየዋ ሰዓቱ ስላልደረሰ ብቻ ያልጎዘጎዘች መሰለች። የታሪኩ ሐዘን በሙሉ በአንዲት የላላች «ና» ፈሶ ቀረ።

ልጅቷ መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥላ ሳቀች። ከዚያ ለሁላችንም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «መስረቁንስ ይስረቅ፣ ማንበብ እንኳ እንዴት ያቅተዋል?»

ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝ ይቺ አረፍተ ነገር ናት። ምክንያቱም ውስጧ ሁለት ቅሬታ አለ፣ ሁለቱም ደግሞ እርስ በርስ ይጣላሉ። አንደኛው «ለምን ወሰዱብኝ» ይላል። ሁለተኛው «ከወሰዱስ አይቀር ለምን በደንብ አልተማሩበትም» ይላል።

እኛ በትርፍ ሰዓታችን በአማርኛ የምንጽፍና የምንስል ሰዎች ነን። መምህር አለን፣ ነርስ አለች፣ የታክሲ ሹፌር አለ። ገሚሳችን አዲስ አበባ ነን፣ ሌሎቻችን ደሴ፣ ባሕር ዳር፣ ዱባይና ቨርጂኒያ። ሥራችንን የምንለቀው በነፃ ነው። ሽልማታችን ከሥር የሚመጣው «እባክሽ ክፍል ሁለትን ቶሎ» የሚል አስተያየት ነው። ከገናው ነገር በኋላ አንዱ አባል ድምፅ መስጫ ከፈተ። «ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ከሥራችን ይማር?» አለ። ምርጫው «አዎ» እና «አይ» ብቻ ነበር። ብዙው ሰው አንዱንም ሳይነካ ከሥር ረጅም ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ጀመረ። ሲጨመቅ «ይማር፣ ግን ይጠይቅ» የሚል ነበር። ሦስተኛ ምርጫ አጥተን ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር «ይውሰድ» ባይ ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ለኤአይ ጥያቄ ሲያቀርቡ በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፉት፤ በአማርኛ ሲጠይቁት ስለሚወላገድባቸው። «እኛ ካላስተማርነው ልጆቹ እሱን ብለው አማርኛውን ይተዉታል» ይላሉ ጋሼ። የቨርጂኒያው አባላችንም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል። ልጁ ጎንደር ላሉት አያቱ ደብዳቤ እንዲጽፍለት ኤአይን ጠየቀው። ደብዳቤው በ«እርስዎ» ጀመረ፣ መሐል ላይ «አንተ» አለ። ሴትየዋን ከአንቱታ አውርዶ ወንድ አደረጋቸው። አባትየው እየሳቀ ነው የነገረን፣ ልጁ ግን ስህተቱ የት ጋ እንዳለ አላየውም። ጋሼ የፈሩት ይኼንኑ ነው።

ሠዓሊያችን ግን ሌላ ነው። የሚኖረው የልጆች መጽሐፍ ሽፋንና የበዓል ፖስተር እየሠራ ነው። ባለፈው እንቁጣጣሽ አንድ የቆየ ደንበኛው «ዘንድሮ ራሴ በኤአይ እሠራዋለሁ» ብሎ ቀረበት። ፖስተሩን ሁላችንም አየነው። አደይ አበባው የሱፍ አበባ ሆኗል። ከላይ ያለው ጽሑፍ ከሩቅ አማርኛ ይመስላል፣ ጠጋ ሲሉት ግን ግማሹ በየትኛውም ገበታ ላይ የሌለ ፊደል ነው። «በ» ሦስት እግር አውጥታለች። እኛ ተሳሳቅን። እሱ አልሳቀም። «ዛሬ ሦስት እግር አላት። ነገ ትስተካከላለች። የምትስተካከለው ደግሞ በእኔ ሥዕል ነው» አለ። መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር የእኔም እጅ ንጹሕ አይደለም። ፊደል ግድፈት በኤአይ አርማለሁ። ከዚያም አልፎ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው ስለ ፍቺው ሲያወራ ሰምቼ ታሪክ አድርጌዋለሁ። አስፈቅጄዋለሁ? አላስፈቀድኩም። እና «ሰውም እኮ ከሰው ነው የሚማረው፣ ምን ልዩነት አለው?» የሚሉኝን እሰማቸዋለሁ። ግን ያ ሰውዬ ነገ መገናኛ ቢያገኘኝ ኮሌታዬን ይዞ «አንተ፣ እኔን ነው አይደል የጻፍከው?» ሊለኝ ይችላል። ፊቴን ያውቀዋል። ሥራዎቻችንን በሌሊት ጠራርጎ የሚወስደው ፕሮግራም ኮሌታም የለው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የቅጂ መብት አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996ን፣ አንብበነዋል፣ የሕግ ሰው ባንሆንም። አንድ ሥራ እንደተፈጠረ ያለ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። የማባዛትና የመተርጎም መብት የደራሲው ነው። ስሙ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትም አለው። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ስሟ የጠፋው ልጅ ጉዳይ ለእኛ ግልጽ ነው። ሌባው ሰው ነው፣ ኤአዩ መጋዙ ነው።

የሚጨልመው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ኩባንያ ታሪኳን ገልብጦ ለማሽኑ ቢያስነብብ፣ ማሽኑም አንድ ቃል እንኳ እንዳለ ባይደግም፣ ይህ «ማባዛት» ነው? ወይስ እንደ ማንበብ ይቆጠራል? አዋጁ ስለዚህ ዝም ይላል። ሊናገርም አይችልም ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. ነው የወጣው። ፌስቡክ ራሱ የተወለደው በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው።

ሌላው ዓለም ግን ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ኃላፊ አውስትራሊያ ሴኔት ፊት ቀርበው ነበር። አዋቂዎች ከ2007 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት አድርገው የለጠፉት ጽሑፍና ፎቶ ለኤአይ ማሠልጠኛ እንደሚውል አመኑ። አውሮፓውያን «አልፈልግም» የሚሉበት መንገድ ነበራቸው። አውስትራሊያውያን አልነበራቸውም። ኩባንያው አንድ ነው፣ ፌስቡኩም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው የየአገሩ ሕግ ነው። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ያልነው «እኛስ የትኛው ወገን ነን?» ነው። ብዙዎቻችን ከቴሌግራም በፊት ዓመታት የጻፍነው ፌስቡክ ላይ ነውና።

የአሜሪካው ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ2025 አንትሮፒክ የተባለው የኤአይ ኩባንያ ከተዘረፉ የመጻሕፍት ማከማቻዎች ባወረዳቸው መጻሕፍት ተከሶ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በመጽሐፍ ወደ 3,000 ዶላር ይደርሳል። ዳኛው በመጻሕፍት ማሠልጠኑን በራሱ ጥፋት አላሉትም፤ ጥፋቱ የተዘረፈውን ማከማቸቱ ላይ ነው አሉ። ከክፍያው ዝርዝር ለመግባት ግን መጽሐፉ በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ የተመዘገበ መሆን ነበረበት። አራት ኪሎ ታትሞ መርካቶ የተሸጠ ልብ ወለድ እዚያ ቢሮ ምን ይሠራል?

እንግዲህ ምዝገባ ቀላል ነገር አይደለም። ሕጋችን ግዴታ ባያደርገውም፣ ቀን ሲመጣ የሚጠየቀው ወረቀቱ ነው። የእኛ ሥራ ግን መጽሐፍ አይደለም። ማታ ልጅ ካስተኙ በኋላ በስልክ የተጻፈ ስድስት መቶ ቃል ነው። ለእያንዳንዷ ፎርም እንሙላ? አንድ ሰው ቻናሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ በኢንተርኔት፣ በየጊዜው እየታደሰ የሚሄድ አድርጎ ማስመዝገብ ቢችል ግማሹ ችግራችን ይቀላል።

ሌላው የምንጠይቀው ኤአይን በሥራዎቻችን ማሠልጠን በአዋጁ «ማባዛት» መሆን አለመሆኑን በጽሑፍ እንድትነግሩን ነው። መልሱ «አይደለም» ቢሆንም እንኳ ንገሩን፤ ቢያንስ ምን እንደምንለቅና ምን እንደምንደብቅ እናውቃለን። ከዚያ ደግሞ ያቺ ሦስተኛዋ ምርጫ አለች። አንድ ጸሐፊ በእያንዳንዱ ሥራው ላይ «ለማሠልጠኛ ይሁን»፣ «አይሁን» ወይም «ጠይቁኝ» ብሎ ማስቀመጥ የሚችልበት፣ ሰውም ፕሮግራምም የሚያነበው አንድ ወጥ ምልክት። ምልክቱ ከሌለ ደግሞ ዝምታ እንደ ፈቃድ እንዳይቆጠር። ዴቪያንትአርት የሚባለው የሠዓሊዎች ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ዝምታን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ነበር። አባላቱ ቀወጡት፣ ወዲያው ገለበጠው።

ይህ ሁሉ ውጭ ያሉትን ኩባንያዎች ያስገድዳል ብለን አንሞኝም። ስለዚህ ከቤት ይጀመር። አገራችን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት አላት፤ ለአገር ቋንቋዎች የሚሠራ ማሽን ደግሞ ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ቀን እዚያ የሚሠራ ሰው መጥቶ «ታሪኮቻችሁን ለዚህ ሥራ እንፈልጋለን፣ ትፈቅዳላችሁ?» ቢለን፣ አብዛኞቻችን በነፃ እንሰጣለን። ጋሼማ ተሸክመው ነው የሚያመጡት። ሠዓሊው ምናልባት «አይ» ይል ይሆናል፣ መብቱ ነው። የገናዋ ልጅ ታሪኳን ሰጥታ፣ ጎኑ ላይ የትኛው ፊደል እንደሚጠብቅ ምልክት አድርጌ ልስጥ እንደምትል አልጠራጠርም። የፊደል ገበታችን ያንን አያሳይም፤ የምታውቀው እሷ ናት።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልተናገርኩም። ከአንድ አጭር ታሪክ የሚደርሰን ቢኖር የማኪያቶ ዋጋ እንኳ የሚሆን አይመስለኝም። ለሠዓሊያችን ግን ገንዘብ ማለት የቤት ኪራይ ነው፤ የእሱን ጉዳይ ከእኛ ጋር አንድ ላይ እንዳትጠቀልሉት አደራ።

ልጅቷ ለመጪው ገና ሌላ ታሪክ ጀምራለች። ሲያልቅ እንደ ወትሮው ልልቀቀው ወይስ ለእኛ ብቻ በውስጥ ልላክ ብላ ጠይቃናለች። እስካሁን አልመለስንላትም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጸሐፊዎቹና ከሠዓሊዎቹ አንዱ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት