ድምፅ የሌለው ኮምፒውተር ለሳሎናችን

አዲስ አበባ፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላ ምንም የለበትም።

ባለፈው እሑድ በስልክ "ለፋሲካ ስመጣ ምን ላምጣልሽ?" ስትይኝ ዝም አልኩሽ። ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ሽቶ አልፈልግም። ጫማም አለኝ። የምፈልገው የቤት ኮምፒውተር ነው። ተገጣጥሞ የሚሸጠውን አይደለም። ዕቃ ዕቃውን አንቺ እዚያ አሜሪካ መርጠሽ ታመጫለሽ፤ እዚህ ከወንድምሽ ጋር እንገጣጥመዋለን። ብቻ ድምፅ የሌለው ይሁን።

ድምፁን ለምን እንዲህ እንዳጠበቅኩት ልንገርሽ። አባባ ሳሎን እንደሚተኛ ታውቂያለሽ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው በሬዲዮ ነው። ወንድምሽ ደግሞ ዘንድሮ 12ኛ ነው። ፈተናው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒውተር ሆኗል፤ ልጁ ከስክሪን ላይ አንብቦ መመለስን መልመድ አለበት። አሮጌው ኮምፒውተራችን ሲከፈት ግን ቤቱ ወፍጮ ቤት ይሆናል። ይሄኔ አባባ ሬዲዮውን ይዘጋል። "ልጁ ያጥና" ይላል። ወንድምሽ ሬዲዮው ሲዘጋ ያያል። ትንሽ ይቆይና እሱም ኮምፒውተሩን ያጠፋል። "ጨረስኩ" ይላል። አልጨረሰም። አንዳቸውም ለሌላው አይናገሩም። እኔ ግን ማጀት ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። 19 ዓመት የቢሮ ኮምፒውተር ስጠግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ሰው ኮምፒውተሩ ሲጮህበት ውድ ፋን ይገዛል። ፋኑ ግን የሚጮኸው የሚያስወጣው ሙቀት ስለበዛበት ነው። ሙቀቱ ከመጀመሪያው ካልተፈጠረ ርካሹም ፋን ዝም ይላል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ መጀመሪያ የምትጠይቂው "ስንት ዋት ይበላል?" ብለሽ ነው። ለእኛ ቤት ዝምታውም ርካሽነቱም ከአንድ ቦታ ነው የሚመጣው።

ፕሮሰሰሩ፣ ማለት የኮምፒውተሩ አእምሮ፣ ራይዘን 5 5600ጂ ይሁን። ስድስት ኮር አለው፤ የተመደበለት 65 ዋት ነው። ስዕሉን የሚያወጣው ክፍል አብሮት ስላለ ሌላ የግራፊክስ ካርድ አያስፈልገውም። ካርድ ማለት ሌላ ወጪ፣ ሌላ ሙቀት፣ ሌላ ፋን ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ያለችውን "ጂ" አደራ ተመልከቺ። 5600 ብቻ የሚል፣ ዋጋው የሚቀራረብ ሌላም አለ። እሱ ስዕል አያወጣም። ገጣጥመሽ ስትከፍቺው ፋኑ ይሽከረከራል፣ ሞኒተሩ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ይህን ሳያውቁ ገዝተው ማዘርቦርዱ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ተበላሸ ብለው ያመጡልኝ ሰዎች ነበሩ። ራይዘኑን ካጣሽ የኢንቴል ኮር አይ3-12100 ይበቃናል። እሱ ላይ ደግሞ የምትሸሺው ፊደል "ኤፍ" ነው፤ ኤፍ ካለበት ስዕል የለውም። 5600ጂ ሱቅ ሲገባ፣ ነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ.፣ ዋጋው 259 ዶላር ነበር። ዛሬ አርጅቷልና ያን ያህል እንዳትከፍዪ። እርጅናው ለእኛ ጉዳያችን አይደለም። የወንድምሽን ትምህርት፣ የአባባን ዜና፣ የኔን ፎቶና ቪዲዮ ያለ ችግር ይሸከማል።

ደግሞ በነጻ የሚገኝ ዝምታ አለው። ባዮሱ፣ ማለት ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማስተካከያ ገጽ፣ ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባል አለ። እሱን ስታበሪው ፕሮሰሰሩ ከ65 ወደ 45 ዋት ይወርዳል። ጽሑፍ ለሚጽፍና ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ፋኑ ግን ያውቀዋል።

አንድ ነገር እንዳትረሺ። አንቺ ያለሽበት ሲልቨር ስፕሪንግ ለባሕር ጠለል ቅርብ ነው። እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላና ባቄላ አልበስል እያለ እንደሚያስቸግረኝ ታውቂያለሽ። ምክንያቱ የአየሩ መሳሳት ነው፤ ኮምፒውተሩንም ያገኘዋል። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ፈጠን ብሎ መዞር አለበት። የአዲስ አበባ ቀዝቃዛ አየር ጥቂቱን ይክሰናል። ቢሆንም የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ "በቂ ነው" ከሚሉሽ አንድ ደረጃ ከፍ አድርጊው።

ከፕሮሰሰሩ ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለ። ይሠራል፤ ግን ጭንቅ ሲይዘው ቀጭን ጩኸት ያወጣል። ትልቅ ፋን ግን በቀስታ እየዞረ ብዙ አየር ይገፋል። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ድምፁ በ15 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ጆሯችን ደግሞ 10 ዴሲቤል ሲቀንስ ድምፁ ግማሽ የሆነ ያህል ነው የሚሰማው። ከፍጥነት ላይ ትንሽ ማንሳት ምን ያህል እንደሚያተርፍ አየሽ? ስለዚህ ባለ 120 ሚሊ ሜትር ፋን፣ ቆሞ እንደ ግንብ የሚመስለውን ዓይነት አምጪ። ተርማልራይት አሳሲን ኤክስ 120 ርካሽም ጥሩም ነው። ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የሚያስገባውን ኬዝ፣ ማለት ሳጥኑን፣ እዚህ እኔ ለክቼ እገዛለሁ። ለኬዙ ደግሞ ሁለት ፋን፣ ባለ 120 ወይም ባለ 140። አርክቲክ ፒ12 ይበቃል። ማገናኛው ላይ አራት ቀዳዳ መኖሩን ቁጠሪ። ባለ አራቱ ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ ራሱ በደንብ ይቆጣጠረዋል።

የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለዕቃዎቹ በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ረጅም ላወራ ነው፤ ታገሺኝ። ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ከአንድ ሱቅ ኬዝ ገዛሁ፤ ፓወር ሰፕላዩ አብሮት ነበር። ላዩ ላይ 500 ዋት ይላል። ሳነሳው ቀለለኝ። ጠርጥሬ ነበር፤ ግን ዋጋው ጥሩ ስለነበር ተውኩት። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ጧ አለ። ሽታው እስከ ደረጃው ወጣ። ሃርድ ዲስኩንም ይዞት ሄደ። የምረቃሽ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ስልኬ ላይ የቀሩት ሰባት ናቸው። ይህን እስካሁን አልነገርኩሽም።

ስለዚህ ሌላው ላይ ቆጥቢ፤ እሱ ላይ አትቆጥቢ። ትልቅ ዋት ግን አያስፈልገንም። እኔ የጻፍኩልሽ ኮምፒውተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ እንኳ ከ100 ዋት ብዙ አይርቅም። ስሙ የታወቀ ኩባንያ የሠራው፣ 450 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ምልክት ያለው ይበቃል። ጎልድ በተመሳሳይ ዋጋ ካገኘሽ ውሰጂ፤ ካላገኘሽ አትጨነቂ። ምልክቱ የሚነግርሽ ከግድግዳ ከሚስበው ኃይል ምን ያህሉን ለኮምፒውተሩ እንደሚያደርስ ነው። ያልደረሰው ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ሙቀቱም የራሱን ፋን ያስጮኸዋል። ከሁሉም በፊት ግን ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቢ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መሆን አለበት። የእናንተ መብራት 120 ነው፤ የእኛ 220። ገመዱን ከእኛ ሶኬት ጋር የሚሄድ እዚህ እገዛለሁ። መብራት ሲሄድ የሚይዘውን ዩፒኤስም እንዳታስቢው። ውስጡ ከባድ ባትሪ አለ፤ ከመገናኛ እገዛዋለሁ። ሞኒተሩም ከዚሁ።

ራም፣ ማለት ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ፣ 16 ጊጋ ይበቃናል። ግን አንድ ባለ 16 አይደለም፤ ሁለት ባለ 8። ስዕል የሚያወጣው ክፍል የሚሠራው ከዚሁ ራም ተበድሮ ስለሆነ፣ በሁለት መስመር ሲመጣለት ይፈጥናል። ከባለፈው ኅዳር ወዲህ የሜሞሪ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎቹ ለማዕከሎቻቸው እየጠራረጉት ነው። ስለዚህ አዲስ አትግዢ። የድሮው ዴስክቶፕሽ አሁንም ካለ ክፈቺውና እዪ። ራሙ ዲዲአር4 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ነቅለሽ አምጪው። ራም በቀላሉ አያረጅም። የላፕቶፕ እንዳይሆን ብቻ፤ እሱ አጭር ነው።

ማዘርቦርዱ ለራይዘኑ ቢ550 ይሁን (ለኢንቴሉ አይሆንም፤ እሱን ከገዛሽ ጠይቂኝ)፣ መለስተኛ መጠን ያለው፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ 500 ጊጋ። በውስጡ የሚዞር ነገር ስለሌለ ድምፅም የለውም። ፎቶና ቪዲዮው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ በሚሰካ የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይም ይቀመጣል፤ ዳግመኛ በአንድ ቦታ ብቻ አላስቀምጥም።

አባባ "ለምን መርካቶ ሄደን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር አንገዛም?" ይላል። እውነቱን ነው፤ ለብዙ ቤት የሚሻለው እሱ ነው። ግን በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የኢንቴል አራተኛና ስድስተኛ ትውልድ ናቸው። ዊንዶውስ 10 ባለፈው ጥቅምት 4 ድጋፉ ቆሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በደንቡ አይቀበልም። በዊንዶውስ ፋንታ ነጻውን ሊኑክስ ልጭንባቸው እችላለሁ፤ በቢሮም አድርጌዋለሁ። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። የብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ቅርጹ ለብቻው ነው። ሲቃጠል ከሱቅ ገዝተሽ አትተኪውም። የኛው ግን አንዱ ሲበላሽ አንዱን ብቻ ነው የምንቀይረው። እኔ ባልኖር እንኳ ወንድምሽ ይቀይረዋል።

ከመምጣትሽ በፊት እዚያው ገጣጥመሽ አብሪው። እዚያ የማይሠራ ዕቃ ይመለሳል፤ እዚህ ከመጣ በኋላ ግን ማን ይመልስልናል? ኬዝ አያስፈልግሽም። የማዘርቦርዱን ካርቶን ጠረጴዛ ላይ አድርጊና ላዩ ላይ ግጠሚው። ራይዘኑ ከሥሩ እንደ መርፌ የቀጠኑ እግሮች አሉት፤ አትጫኚው፤ ቦታውን ሲያገኝ ራሱ ይገባል። ስልክ ደውይልኝ፤ በቪዲዮ አብሬሽ እሆናለሁ።

ከሠራ በኋላ ትልቁን ማቀዝቀዣ ፍቺው፤ በሻንጣ ሲንገላታ ማዘርቦርዱን እንዳይሰብረው። ስትፈቺው ግን አደራ። ማሽኑን ግማሽ ሰዓት አሠሪው፣ አጥፊው፣ ገመዱን ንቀይ፣ ሳይቀዘቅዝ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ አዙረሽ አንሺው። በቀዝቃዛው ቀጥ አድርገሽ ከሳብሽው በመካከላቸው የሚቀባው ቴርማል ፔስት ይዞ ፕሮሰሰሩን ከነእግሩ ይነቅለዋል። ሲነቀልባቸው አይቻለሁ። ፔስቱን ጠርገሽ አንድ አዲስ ቱቦ ጨምረሽ አምጪ። ማዘርቦርዱ በመጣበት ከረጢትና ካርቶን ይግባና ከእጅሽ አይለይ።

ሌላው የኔ ሥራ ነው። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ አይቻለሁ። መስታወት የተለጠፈባቸው ያምራሉ፤ ግን አየር ያፍናሉ። የበጋውን አቧራ ለመያዝ ፊቱ ላይ የሚታጠብ ማጣሪያ አደርግለታለሁ። ባዮሱ ላይ ፋኖቹን እስከ 60 ዲግሪ ድረስ በቀስታ እንዲዞሩ አስተካክላለሁ። ሙቀቱ ለሁለት ሰከንድ ዘለል ባለ ቁጥር ፋኑ ከፍ ዝቅ ካለ ከቋሚ ድምፅ የበለጠ ያናድዳል። የአባባን እንቅልፍ የሚሰብረው እሱ ነው።

ጠቅላላው ከ450 ዶላር እንዳያልፍብሽ። ካለፈ ኤስኤስዲውን ወደ 250 ጊጋ አውርጂው፤ ፓወር ሰፕላዩን እንዳትነኪ። የቤት ኪራይሽን አውቃለሁ።

ሮክቪል ያለው ማይክሮ ሴንተር የሚባለው የኮምፒውተር ሱቅ ለሰፈርሽ ቅርብ ነው ብለሽኝ ነበር። ስትሄጂ ከመክፈልሽ በፊት ደውዪልኝ፤ የፕሮሰሰሩን ካርቶን ለካሜራው አሳዪኝና "ጂ"ዋን በዓይኔ ልያት። እዚህ ሌሊት ቢሆንም አነሳለሁ።

አባባ ሰላም ብሎሻል። ኮምፒውተሩ እንደሚመጣ ገና አልነገርኩትም።

እናትሽ